ክላሲክ መኪናን ለአማተር ራሊ ማዘጋጀት፦ ከላሜራው እስከ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው

ራሊ ላይ ከመንገድ የሚቀሩ አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው ደክሞ አይደለም የሚቆሙት። የሚያስቆማቸው ላልቶ የወደቀ ቡሎን፣ ከውስጥ የበሰበሰ የውሃ ቱቦ፣ እየተፋቀ ሻንሲ የነካ ሽቦ፣ ከታንከር የመጣ ዝገት የደፈነው ጂግለር (ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ) ነው። ስለዚህ ሥራው የሚሠራበት ቅደም ተከተል ከሚገዛው ዕቃ ይበልጣል። መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ፍሬኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ነዳጁ፣ ሞላና ሾክ አብዞርበሩ፣ የሆድ መከላከያው፤ የሞተር ጉልበት ካስፈለገ በመጨረሻ። ይህን ገልብጦ ካርቡሬተር ከመግዛት የጀመረ ሰው ቶሎ የምትነሳ፣ ግን በወጉ የማትቆም መኪና ይሠራል።

ቡሎን ከመፍታትዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ

በአማተር ደረጃ በዋናነት ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። ሬጉላሪቲ የሚባለው፣ አዘጋጁ በሰጠው አማካይ ፍጥነት (ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም) ሰከንድ ሳያዛንፉ መጓዝ ነው። ቀድሞ መድረስም ያስቀጣል። ሁለተኛው በተዘጋ መንገድ ላይ በሰዓት የሚወዳደሩበት የፍጥነት ራሊ ነው። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው አስተማማኝ መኪናና ትክክለኛ ቆጣሪ ነው፤ ለሁለተኛው ግን የብረት ቀፎ (ሮል ኬጅ)፣ የውድድር ወንበር፣ ባለብዙ ማሰሪያ ቀበቶና እሳት የሚቋቋም ልብስ ግዴታ ይሆናል።

ለታሪካዊ መኪናዎች ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ኤፍ አይ ኤ፣ ያወጣው አባሪ ኬ የሚባል ደንብ አለ። መኪናው በዘመኑ በነበረው ዝርዝር መሠረት እንዲቆይ ያስገድዳል። ከዚህ የሚመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም፦ ለራስዎ ሻል ይላል ብለው የገጠሙት ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮ ወይም ሰፊ ቸርኬ ከምድብ ሊያስወጣዎት ይችላል። አዘጋጁ አባሪ ኬን ይከተል ወይም የራሱ ልቅ ደንብ ይኑረው፣ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

መኪና ገና ያልመረጡ ከሆነ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ የኋላ ጎማው የሚነዳና ቀላል የሆነ ሞዴል ይመረጣል። ፎርድ ኤስኮርት፣ ቮልቮ አማዞን፣ ዳትሰን፣ ፔጆ 404 እና 504 ዝናቸውን ያገኙት በወሬ አይደለም። ፔጆ 404 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል፤ ዳትሰን 240ዜድ በ1971 እና በ1973፣ ፔጆ 504 ደግሞ በ1975 እና በ1978። ፔጆዎቹን የጠቀማቸው የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ረጅም የሞላ ጉዞና ጠንካራ አካል ነበር።

አካሉ

ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ ከወለሉ ላይ የተለጠፈውን ድምፅ ማፈኛ ሁሉ ያውጡ። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ላሜራውን እየመቱ ያዳምጡ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በአሮጌ ካቻቢቴ አጥብቀው ይውጉት። ከገባ መቆረጥ አለበት። በተለይ የሚፈተሹት የበሮች ሥር ያሉት ሳጥኖች፣ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ የባሌስትራ ማንጠልጠያዎች፣ የፊት ሾክ አብዞርበር የሚታሰርባቸው ጉልላቶችና የመሪ ሳጥኑ የተያዘበት ቦታ ናቸው።

ዝገት ላይ ላሜራ ደርቦ መበየድ የተለመደ ጥፋት ነው። ውኃው በሁለቱ መካከል ይቀመጣል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲሱም አሮጌውም አብረው ይበላሉ። ዝገቱ ተቆርጦ ንጹሕ ብረት ላይ ሲደረስ ብቻ ይበየዳል። ከብየዳ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመዶችና የአልተርኔተሩ ሶኬት ይነቀሉ፤ የነዳጅ ታንከሩ ይውጣ። ባዶ ታንከር ከሙሉ ታንከር ይልቅ አደገኛ ነው፣ ውስጡ የቀረው የቤንዚን ጋዝ ነውና።

ሻንሲ የሌላቸውን፣ አካላቸው ራሱ ሸክሙን የሚሸከም መኪናዎች መገጣጠሚያዎች በቁርጥራጭ ብየዳ ማጠንከር ይቻላል። 25 ሚሊ ሜትር በይዶ ወደ 75 ሚሊ ሜትር ያህል መዝለል በቂ ነው። ዳር እስከ ዳር ቢበየድ ላሜራው በሙቀት ይጠማዘዛል፣ ከብየዳው ጎን ደግሞ ይሰነጠቃል። አንድ ቦታ ላይ ሳይቆዩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተዟዟሩ ይሥሩ፤ በየመካከሉም በሮቹ በልካቸው መዘጋታቸውን ይሞክሩ።

ሮል ኬጅ ካስፈለገ፣ በኤፍ አይ ኤ ደንብ ከነጂው ጀርባ የሚቆመው ዋናው ቅስት ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ ሆኖ 45 በ2.5 ወይም 50 በ2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ሌሎቹ ቱቦዎች 38 በ2.5 ወይም 40 በ2 ይበቃቸዋል። እያንዳንዱ እግር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የብረት ሰሌዳ ላይ፣ ቢያንስ በሦስት ኤም 8 ቡሎኖች ይታሰራል። የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ካልተጻፈ አይጠቀሙበት። ራስ ወይም ጉልበት ሊነካው የሚችል ቱቦ ሁሉ በጠጣር ስፖንጅ ይሸፈን።

የትከሻ ቀበቶዎቹ ከወንበሩ ጫፍ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከአግድም መስመር ከ45 ዲግሪ በላይ ቁልቁል መውረድ የለባቸውም፤ ወደ 10 ዲግሪ ቢጠጋ ይመረጣል። ወለሉ ላይ ቀጥ አድርጎ ማሰር በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጨፈልቃል። ቀበቶው ላይ የተሰፋውን የአገልግሎት ማብቂያ ዓመትም ይመልከቱ። ቀበቶው ምንም አዲስ ቢመስል፣ ቀኑ ካለፈ ከውድድሩ በፊት መኪናውን የሚፈትሸው መርማሪ አያሳልፍዎትም። የእሳት ማጥፊያው በሁለት የብረት ማሰሪያ ይያዝ፤ ከነቀበቶው የታሰረ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ቦታም ይሁን።

ፍሬን

አሮጌ መኪና ላይ በቅድሚያ የሚጣለው የላስቲክ የፍሬን ቱቦ ነው። ከውጭ ምንም ስንጥቅ ሳይታይበት ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳው ይጠባል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ በኃይል ያልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመለስም፤ አንዱ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል፣ ቸርኬው እጅ የሚያቃጥል ይሆናል። ብዙ ሰው ካሊፐሩን ወይም የጎማውን ሲሊንደር ይቀይርና ችግሩ እዚያው ይሆናል። ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ አንስተው፣ ፍሬኑን ረግጠው ይልቀቁ፤ ጎማው ከያዘ የአየር ማውጫዋን ቡሎን ትንሽ ይፍቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ፣ ከላይ ያለው ቱቦ ዘግቷል ማለት ነው። ዕድሜያቸው የማይታወቅ ቱቦዎች ሁሉ አንድ ላይ ይቀየሩ።

የብረት ቱቦዎቹን ከመዳብና ኒኬል ቅይጥ ሠርቶ በመኪናው ውስጥ፣ በወለሉ ማዕዘን ማሳለፍ ጥሩ ነው። ሆድ ሥር ያለ ቱቦ በድንጋይ ይመታል። ዋናው ፓምፕ ባለአንድ መስመር ከሆነና ደንቡ ከፈቀደ ወደ ባለሁለት መስመር ይቀየር፤ አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ሁለቱ ጎማዎች ይቀሩልዎታል።

የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ይሁን። አዲሱ የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ድንገት ወለል የሚነካው በዚህ ነው፦ ዘይቱ ይፈላል፣ ትነቱ እንደ አየር ይጨመቃል። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ ከከባድ ውድድር በፊት ደግሞ የግድ ይቀየራል። ከሲሊኮን የሚሠራው ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም፤ አየር ሲያወጡ ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምረው ወደሚቀርበው ይምጡ።

ለሬጉላሪቲ የውድድር ፓድ መግጠም ትርፍ ወጪ ነው። ጠጣር ፓድ እስኪሞቅ አይዝም፣ በዝግታ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ አይሞቅም። መካከለኛ ፓድና አዲስ የፍሬን ሸራ ይበቃል። ከገጠሙ በኋላ ከ80 ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ሳይቆሙ በፍሬን ፍጥነት ይቀንሱ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ እስኪቀዘቅዝ ይንዱ። የሞቀ ፍሬን ይዞ ቆሞ መርገጥ ፓዱን ዲስኩ ላይ ያትመዋል፣ ከዚያ ወዲያ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ማቀዝቀዣ

ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ለሙቀት መድኃኒት ነው የሚል የቆየ እምነት አለ። ስሕተት ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል፤ ማለፊያ መስመር ባላቸው አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ መዞር ይጀምርና ይብሱን ይሞቃል። 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት አዲስ ቴርሞስታት ይግጠሙ፤ ከመግጠምዎ በፊት በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነክረው መከፈቱን ይዩ።

ሞተሩ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ዝገትና ደለል የሚወጣው ውኃን በተቃራኒ አቅጣጫ በማሳለፍ ነው። ራዲያተሩ ውስጡ ከተደፈነ ማጠብ ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ ማዕከሉ ይቀየር። ክዳኑ ርካሽ ስለሆነ ይረሳል እንጂ ሥራው ትልቅ ነው፦ 0.5 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የውኃውን መፍያ ከ100 ወደ 111 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ተራራ ላይ ይህ ልዩነት ይታያል፤ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊት የሌለው ውኃ በ90 ዲግሪ ይፈላል።

ቬንቲሌተሩ ዙሪያ መከለያ ከሌለው አየሩን ከራዲያተሩ ሳይሆን ከጎን ይስባል። ከላሜራ መከለያ ሠርቶ መግጠም የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተር ከመጨመር ይቀድማል። ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከሞቀ ራዲያተሩን ይተዉትና የእሳቱን ሰዓት (ካንዴላው የሚተኩስበትን ቅጽበት) እና የካርቡሬተሩን የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ይመልከቱ፤ የዘገየ እሳትና ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ሁለቱም ሞተር ያሞቃሉ።

ኤሌክትሪክ

እዚህ ላይ ስሌት ይቅደም። የሌሊት ጉዞ ላይ ሁለት የ55 ዋት የፊት መብራትና ሁለት የ55 ዋት ፓውዛ ሲበሩ 220 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲካፈል ከ18 አምፔር በላይ። የዝናብ መጥረጊያ፣ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው)፣ የኋላ መብራት፣ የነዳጅ ፓምፕ ሲጨመር ወደ 30 ይጠጋል። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ብዙ መኪናዎች የተሠሩበት ዲናሞ 22 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ከዚያም በታች። እየነዱ እያለ ባትሪው ያልቃል ማለት ነው። ደንቡ ከፈቀደ 45 አምፔር የሚሰጥ አልተርኔተር ይግጠሙ። ካልፈቀደ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ ሲቆሙ ፓውዛውን ማጥፋትን ልማድ ያድርጉት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ፦ በተለይ የቆዩ የእንግሊዝ መኪናዎች ላይ ማሳ (ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው መስመር) የታሰረው በባትሪው ፖዘቲቭ በኩል ነው። አልተርኔተርም ሆነ ኤሌክትሮኒክ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ሳያረጋግጡ መግጠም በአንድ ሰከንድ ማቃጠል ነው።

የፊት መብራቱ ደካማ ከሆነ አምፑሉን ከመቀየር በፊት ቮልቴጁን አምፑሉ ሶኬት ላይ ይለኩ። ባትሪው ላይ 12.6 ሆኖ አምፑሉ ላይ 10.5 ከሆነ፣ ጉልበቱ በአሮጌው ማብሪያና በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ እየቀረ ነው። ከባትሪው በፊውዝ በኩል 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ወደ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቅ ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ) ይሳቡ፤ አሮጌው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ይቀስቅስ። ግራና ቀኙን መብራት በተለያየ ፊውዝ ማድረግ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢቃጠል ሙሉ ጨለማ ውስጥ አይገቡም።

ሽቦ ላሜራ በሚያቋርጥበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባ። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር። ዳሽቦርዱ ሥር እጅዎን አስገብተው ሽቦዎቹን ያወዛውዙ፤ ሞተሩ እየሠራ የሚንተፋተፍ ከሆነ ሌሊት ሦስት ሰዓት ዝናብ ላይ የሚያቆምዎትን ቦታ አሁን አገኙት።

ባትሪውን የሚቆርጠው ዋና ማብሪያ ሞተሩንም ማጥፋት አለበት። አልተርኔተር ባለው መኪና ላይ ባትሪው ብቻ ቢቆረጥ ሞተሩ ከአልተርኔተሩ እየተመገበ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ተጨማሪ ጥንድ መገናኛ ያለው ማብሪያ ገዝተው የቦቢናውን መስመር አብሮ እንዲቆርጥ ያድርጉ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አስነስተው ዙሩን ከፍ ያድርጉና ማብሪያውን ይቁረጡ። ካልጠፋ አልተሳካም።

እሳትና ነዳጅ

ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የቦቢናውን መስመር እየቆረጠ የሚቀጥለው መገናኛ) ላይ ያለው ክፍተት በብዙ አራት ሲሊንደር ሞተሮች 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ካንዴላው ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ነው፤ የመኪናዎ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። የፑንቲናው ክፍተት ሲቀየር የእሳቱም ሰዓት ስለሚቀየር ሁልጊዜ ፑንቲና በፊት፣ ሰዓት በኋላ ነው። ቦቢና ሲቀይሩ መቋቋሚያውን ይለኩ። 1.5 ኦም ገደማ የሆነው ቦቢና ከመስመሩ ላይ ተጨማሪ መቋቋሚያ ይፈልጋል፤ እሱን ያለ መቋቋሚያ ማሰር ፑንቲናውን ያቃጥለዋል። 3 ኦም የሆነው ግን በቀጥታ ይሠራል። ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የሚደበቅ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ሲሞት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል። ፑንቲናና ኮንደንሰር በሰሌዳቸው ላይ ተስተካክለው መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጡ።

የነዳጅ ቱቦዎቹ ሁሉ ይቀየሩ። ኤታኖል የተቀላቀለበት የዛሬ ቤንዚን የድሮውን ላስቲክ ያለሰልሰዋል፣ ውስጡ እየተላጠ ካርቡሬተር ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ ደግሞ ያልብና የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠባል። ኤታኖል እንደሚቋቋም የተጻፈበትን ይግዙ። ታንከሩ ወጥቶ ይታጠብ፣ ከፓምፑ በፊት ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ይግባ። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከገጠሙ ካርቡሬተሩ የሚፈልገው ግፊት ትንሽ መሆኑን አይርሱ፤ ለዌበር ካርቡሬተር 0.2 ባር አካባቢ በቂ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የተንሳፋፊዋን መርፌ ገፍቶ ያጥለቀልቃል። ፓምፑ በግጭት ጊዜ ራሱ በሚቋረጥ ማብሪያ በኩል ይታሰር።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስና መንተፋተፍ ከመጣ ዋናውን ጂግለር በአንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉ። ለዌበር ደረጃው በአምስት ይቆጠራል፤ ከ125 ወደ 120። ፍርዱን የሚሰጠው ካንዴላው ነው። በሙሉ ጉልበት ነድተው ሞተሩን አጥፍተው ፍሪሲዮን ረግጠው ይቁሙና ይፍቱት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ትክክል ነው፤ እንደ ጥላሸት ጥቁር ነዳጅ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ አንሷል፣ ፒስቶን ሳይቀልጥ ጂግለሩን ከፍ ያድርጉ። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲመለሱ ጂግለሩም ይመለስ፤ ይህን የረሳ ሰው ነው ፒስቶን የሚያቃጥለው።

ነዳጅ መስጫው ላይ ሁለት መመለሻ ሞላ ይኑር። አንዱ ቢበጠስ ሁለተኛው ይዘጋዋል። መርማሪዎች ይህን ሳያዩ አያልፉም።

ሞላ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ጎማ

መኪናን ዝቅ ማድረግ ለአስፋልት ውድድር ነው። ኮረኮንች ላይ የሚያዋጣው ከፍታና ጥሩ ሾክ አብዞርበር ነው፤ ጠጣር ሞላ በደካማ ሾክ አብዞርበር ላይ መኪናውን እንደ ኳስ ያነጥረዋል። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለሾክ አብዞርበሩ ይስጡት። የኋላ ባሌስትራው ካረጀ አንድ ቅጠል ከመጨመር ይልቅ ሁሉንም እንደገና ማቃናት ይሻላል፤ የተጨመረው ቅጠል ሸክሙን ለብቻው ይሸከምና ይሰበራል። ቴስቲናዎች (የመሪ መገጣጠሚያዎች)፣ ቡሾች፣ የጎማ ኩሽኔታዎችና ክሮቼራ (ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ጥርጣሬ ካለባቸው ይቀየሩ።

ለኮረኮንች ቀጭን ጎማ ይመረጣል፣ ላላውን አፈር ቆርጦ ጠንካራው ላይ ይደርሳልና። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ካለው ባለአራት አኃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ነፋስ መቀነስ ምቾት ቢሰጥም ቸርኬው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጎማውን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ከ2 እስከ 2.2 ባር ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት መለወጫ ጎማ ይያዙ፣ ሁለቱም በቀበቶ ይታሰሩ።

ሆድ

ለኮፓው (ለሞተር ዘይት መያዣው) መከላከያ 6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብረት። የፊት ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፍ፣ አለዚያ መሬት ይቆፍራል። የዘይት ማፍሰሻው ቀዳዳ ይኑረው። የሚታሰረው ሻንሲ ላይ ነው፤ ሞተሩ ላይ ከታሰረ እያንዳንዱ ምት ወደ ሞተሩ መያዣ ላስቲኮች ይሄዳል። በኋላ በኩል አየር መውጫ ካልተተወለት የሞተሩን ሙቀት ያፍናል፤ ስለዚህ ከገጠሙ በኋላ የሙቀት መለኪያውን ደግመው ያጢኑ። የማርሚታው መንጠልጠያዎች በብረት ሽቦ ይደገሙ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ማስተካከል

ሬጉላሪቲ የሚሸነፈው እዚህ ነው። የመኪናው የራሱ ቆጣሪ በቂ አይደለም፤ በየ10 ሜትሩ የሚያነብ የራሊ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ሴንሰሩን ሞተር በማይነዳው ጎማ ላይ ይግጠሙ፤ የሚነዳው ጎማ ዳገትና ጭቃ ላይ ሲሽከረከር ያልተሄደ መንገድ ይቆጥራል። ሴንሰሩ ከሚቆጥራቸው የጎማ ቡሎኖች ጭንቅላት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይራቅ።

አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ የተለካ መንገድ ያዘጋጃሉ። መንገዱ 10.00 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቆጣሪዎ 10.24 ካሳየ ማስተካከያው 10.00 ሲካፈል በ10.24፣ ማለትም 0.977 ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይምሰልዎ። በ48 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንድ ደቂቃ 800 ሜትር ነው፤ 100 ሜትር በ7.5 ሰከንድ ያልፋል። ያልተስተካከለው ቆጣሪ በ10 ኪሎ ሜትር 240 ሜትር ስለሚያዛባ፣ ስሕተቱ 18 ሰከንድ ይሆናል።

ሲለኩ በውድድሩ ቀን የሚይዙትን ጭነት፣ ናቪጌተሩን (ከነጂው ጎን ተቀምጦ መንገዱንና ሰዓቱን የሚከታተለውን ሰው) ጨምሮ፣ ይጫኑ። ጎማው ቢያንስ 15 ኪሎ ሜትር ተነድቶ የሞቀ ይሁን፤ የሞቀ ጎማ ነፋሱ ስለሚጨምር ዙሩ ይሰፋል። መነሻውና መድረሻው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ የፊት በር ማጠፊያ ከምልክቱ ሰሌዳ ጋር ሲስተካከል። መታጠፊያዎችን አዘጋጁ እንደነዳው በመንገዱ ዘንግ ይንዱ፣ ጥግ አይቁረጡ። ሁለት ጊዜ ለክተው ውጤቱ ከ10 ሜትር በላይ ከተለያየ ሦስተኛ ይለኩ። የለኩበትን የጎማ ግፊት ዳሽቦርዱ ላይ ይጻፉ፤ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ልኩ እንደገና ይወሰዳል።

ለናቪጌተሩ ጎንበስ ብሎ ሲያነብ ነጂውን የማያሳውር፣ አንገቱ የሚታጠፍ ትንሽ መብራት ይግጠሙለት። የአማካይ ፍጥነቶቹን ሠንጠረዥ ቤት ሳሉ አትመው ይያዙ፤ በሚወዛወዝ መኪና ውስጥ ማካፈል ሆድ ያናውጣል።

ሙከራና ሳጥኑ

ከውድድሩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ሙከራው ይጀመር። በመጀመሪያው ቀን 20 ኪሎ ሜትር ነድተው ሆዱን በባትሪ ብርሃን ይዩ፤ እርጥብ ነገር ሁሉ ምንጩ ይፈለግ። በሁለተኛው 100 ኪሎ ሜትር፣ ግማሹ ኮረኮንች ላይ። በሦስተኛው ቢያንስ 300፣ የተወሰነው በሌሊት፣ መብራትና መጥረጊያ ሁሉ በርቶ። የጠበቁ ቡሎኖችን በቀለም ብዕር ከዳዶው እስከ ላሜራው ይስመሩ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ቡሎኑ ላልቷል። ይህች የአንድ ሰዓት ሥራ ብዙ ፍለጋ ታድናለች።

ሳጥኑ ውስጥ፦ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦዎችና ማጥበቂያ ቀለበቶች፣ ሮተር፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ቦቢና፣ አራት ካንዴላ፣ የነዳጅ መስጫና የፍሪሲዮን ገመድ፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ፊውዝና አምፑል፣ 2 ሊትር የሞተር ዘይት፣ 5 ሊትር ውኃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ለብረት የሚሆን ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ። መሣሪያው ለዚያ መኪና ብቻ የሚሆነው ነው። የቤት ውስጥ ልምምዱ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ በዚያ ሳጥን መሣሪያ ብቻ ቺንጊያና አንድ ጎማ ይቀይሩ። ሳይይዙት የቀሩትን ቁልፍ ያኔ ያውቁታል።

አገልግሎት ጣቢያ ላይ 20 ደቂቃ ሲሰጥዎት ነጂውና ናቪጌተሩ ሥራ ይካፈሉ። አንዱ ሆድ ሥር ገብቶ ቱቦዎችን፣ መከላከያውንና የሾክ አብዞርበር ቡሎኖችን ይነካካል፤ ሌላው ዘይት፣ ውኃ፣ የፍሬን ዘይትና መብራት ያያል። የራዲያተሩ ክዳን በጋለ ሞተር ላይ አይከፈትም፣ ደረጃው በተጨማሪው ጠርሙስ ይታያል። የጎማ ዳዶዎች የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ከወረደ በኋላ በቶርክ ቁልፍ ሲሆን፣ አዲስ የተቀየረ ጎማ ዳዶዎች ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠብቃሉ። በቀለም የተቀቡ አዲስ ቸርኬዎች በተለይ፦ ቀለሙ ከዳዶው ሥር ተፈርክሶ ሲያልቅ ዳዶው ሳይዞር ይላላል።